ቀን ከቆላ፣ ሌሊት ከደጋ፦ የሸለቆው ነፋስ ሰዓት የሚያውቀው ለምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ የደረሰኝ ጎጃም ውስጥ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ካለች ቀበሌ ነው። የጻፈችው በቅርቡ የተመደበች የግብርና ልማት ሠራተኛ ናት። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ያደግኩት ከተማ ነው። እዚህ ገበሬዎቹ ‹ነፋሱ ረፋድ ላይ ከቆላ ይወጣል፣ ሲመሽ ወደ ቆላ ይወርዳል› ይሉኛል። ስንዴ የሚያዘሩትም ይህንኑ ሰዓት ጠብቀው ነው። እኔም ቆሜ አየሁት፣ ልክ ናቸው። ግን ለምን? ደግሞስ ወንዙ ዳር ያለው ባቄላ በውርጭ ሲመታ ከላይ ዳገቱ ላይ ያለው ለምን ይተርፋል? ከፍ ባልን ቁጥር ይበርዳል ተብለን አልነበር የተማርነው?»

እህቴ፣ ሁለት ጥያቄ የጠየቅሽ ይመስላል እንጂ የጠየቅሽው አንድ ነው። ነፋሱን ሰዓት የሚያስጠብቀውም፣ ባቄላውን እየለየ የሚመታውም ያው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ገበሬዎቹ የነገሩሽ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ምክንያቱን ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ነፋስን እንደ መንገደኛ ነው የሚያየው። ከሩቅ ይመጣል፣ አልፎ ይሄዳል። እንዲያ ያለ ነፋስ በእርግጥ አለ። በበጋ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ፣ በክረምት ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ አገር አቋርጦ ይመጣል። ያንቺ ሸለቆ ነፋስ ግን የቤት ልጅ ነው። እዚያው ይወለዳል፣ እዚያው ያድራል። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከደጀን በታች አባይ ድልድዩ ሥር ሲያልፍ ከፍታው ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ 3,000 ሜትር ቁልቁል ማለት ነው። ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋ የሚባሉት ወንዞች ሁሉም ከዚያ ተራራ ተነሥተው መሬቱን እየሰነጠቁ ወደ አባይ ይወርዳሉ። እንዲህ ያለ አገር የራሱን ነፋስ ራሱ ይሠራል።

ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ አየሩን በቀጥታ ብዙም አታሞቀውም። የምታሞቀው መሬቱን ነው። አየሩ የሚሞቀው መሬቱን ነክቶ ነው። አሁን ሁለት ቦታ ያለ አየር አስቢ። ሁለቱም እኩል ከፍታ ላይ ናቸው፣ 2,700 ሜትር እንበል። አንደኛው ተዳፋቱን ታክኮ ያለ አየር ነው። ሁለተኛው ከሸለቆው መሐል በላይ፣ ጭልፊት ክንፉን ዘርግቶ የሚንሳፈፍበት ቦታ ያለ ነው። የመጀመሪያው ከሞቀው መሬት ጋር ተጣብቋል። ከሁለተኛው በታች ያለው መሬት ግን ብዙ መቶ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ተዳፋቱን የታከከው ቀድሞ ይሞቃል። የሞቀ አየር ይቀላል፣ የቀለለው ደግሞ ይወጣል። ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ አይመዘዝም፤ ዳገቱን እየታከከ ወደ ላይ ይሳባል።

ሌሊት ሁሉም ይገለበጣል። መሬቱ ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ ይለቃል፤ ከአየሩ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ተዳፋቱን የነካው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል። ባለሙያዎች የሚወጣውን አናባቲክ፣ የሚወርደውን ካታባቲክ ይሉታል። ቃሎቹ የግሪክ ናቸው፤ ትርጉማቸው «ወደ ላይ የሚሄድ» እና «ወደ ታች የሚሄድ» ነው። የአንቺ ገበሬዎች «ይወጣል»፣ «ይወርዳል» ያሉትን ማለት ነው።

ይህ የተዳፋት ነፋስ ቀጭን ነው። ቀን ሲወጣ ውፍረቱ ከጥቂት አሥር ሜትሮች እስከ መቶና ከዚያ በላይ ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ1 እስከ 5 ሜትር ነው። ሌሊት የሚወርደው የባሰ ቀጭን ነው፤ አንዳንዴ ከጎጆ ጣሪያ ብዙም አይበልጥም። ቆመሽ እግርሽን ሲበርድሽ ፊትሽ ላይ ብዙ ላይሰማሽ ይችላል።

ስንዴ የሚያዘራው ነፋስ ግን ይህ ብቻ አይደለም። በላዩ ሌላ ትልቅ ነፋስ አለ፤ ሸለቆውን ሙሉ ይዞ ከታች ወደ ላይ የሚነፍስ። ይህን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በድስት ነው። አፋቸው እኩል የሆነ ሁለት ድስት ውሰጂ። አንዱን እስከ አፉ፣ ሌላውን እስከ ግማሽ ውሃ ሙዪ። እኩል እሳት ላይ ጣጂያቸው። ቶሎ የሚፈላው የትኛው ነው? ግማሹ። ሸለቆ ግማሽ ድስት ነው። ከላይ የሚገባለት ፀሐይ ከሜዳው እኩል ነው። ውስጡ ያለው አየር ግን ያንሳል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ተራሮች ቦታውን ይዘውበታል። ስለዚህ የሸለቆው አየር ከታች ካለው ሰፊ አገር አየር፣ በእኩል ከፍታ ሲለካ፣ ይበልጥ ይሞቃል። የሞቀው ሲቀል በሸለቆው ውስጥ የአየር ግፊቱ ዝቅ ይላል። ያኔ ከታች፣ ከአባይ ገደል በኩል፣ አየር ይሳባል። በሙጋ በኩል ገብቶ ወደ ጮቄ እግር ይወጣል። ሌሊትም ግማሹ ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ያኔ ነፋሱ ዞሮ ወደ አባይ ይወርዳል።

በዓለም ላይ ይህን ነፋስ በስም የሚጠሩ ብዙ ሸለቆዎች አሉ። በሰሜን ኢጣሊያ፣ በጋርዳ ሐይቅ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ ከደቡብ የሚነሣውን «ኦራ»፣ ሌሊትና ጠዋት ከሰሜን የሚወርደውን «ፔለር» ይሉታል። ጀልባ ቀዛፊው ሰዓቱን የሚቆጥረው በእነሱ ነው። ፍሪድሪሽ ዴፋንት የሚባል ኦስትሪያዊ የአየር ጠባይ ሊቅ በ1949 (በፈረንጆቹ) የአንድ ቀን የሸለቆ ነፋስ ዑደትን በስምንት ሥዕል አሳየ። እስከ ዛሬ ትምህርቱ የሚሰጠው በእነዚያ ሥዕሎች ነው። ሥዕሎቹ ጠራ ባለ ቀን ያለ አንድ ሸለቆ ነው የሚያሳዩት። እስቲ እነሱን ወደ ሙጋ ላምጣቸው፤ ታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ አዝመራው ተሰብስቦ።

ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መጀመሪያ የምትነካው ወደ ምሥራቅ ያየውን ተዳፋት ነው። ከተነካ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በዚያ በኩል ብቻ አየሩ መውጣት ይጀምራል። ታች ወንዙ ውስጥ ግን ገና ሌሊት ነው ማለት ይቻላል፤ ብርዱ ተኝቷል፣ የሌሊቱ ነፋስ አሁንም ወደ አባይ እየወረደ ነው። የቤቶቹን ጭስ እዪ። ቀጥ ብሎ ይወጣና አንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ እንደ ጣሪያ ተዘርግቶ ይቆማል። ከዚያ በላይ ያለው አየር ከጭሱ የሞቀ ስለሆነ ጭሱ ሊያልፈው አይችልም። በአዊ በኩል፣ በፋግታ ለኮማ፣ ዲከረንስ ከሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ ከሰል በሚከሰልበት አገር፣ ይህ የጭስ ጣሪያ ጠዋት ጠዋት በደንብ ይታያል። ሕፃናትና አስም ያለባቸው ሰዎች ያን ሰዓት ታች ባይቆዩ እመክራለሁ።

3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ጣሪያው ይሰበራል። የታችኛው ብርድ እየሞቀ፣ በየተዳፋቱ እየተሳበ ያልቃል። ጭሱም ይበተናል። ከዚያ ለአፍታ ነፋሱ ግራ የገባው ይመስላል፤ ወዲህም ወዲያም ይላል። 5 ሰዓት ገደማ ከቆላ የሚመጣው ይይዛል። ከቀኑ 8 እና 9 ሰዓት ላይ ይበረታል።

አውድማውን ያየሽው በዚህ ሰዓት ነው። ማዝራት ኃይለኛ ነፋስ አይፈልግም። የሚፈልገው የማይዋልል ነፋስ ነው። እብቁ ወደ አንድ ወገን ሄዶ ፍሬው እዚያው እንዲወድቅ ነፋሱ አቅጣጫውን መጠበቅ አለበት። የረፋዱ ነፋስ ይሄን አያደርግም፤ ገለባውን መልሶ ፍሬው ላይ ያፈሰዋል። ከሰዓት በኋላ ግን ሸለቆው ሙሉ አንድ ሆኖ ይነፍሳል። ላይዳ የያዘው ሰውዬ ጀርባውን የት እንደሚያዞር አስቀድሞ ያውቃል። አውድማዎቹ የት እንዳሉም ልብ በዪ። አብዛኞቹ ጉብታ ላይ ወይም አፋፍ ላይ ናቸው። ነፋሱን የሚጋርደው ነገር በሌለበት።

10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ወደ ምሥራቅ ያየው ተዳፋት ጥላ ውስጥ ይገባል። ሰማዩ ገና ብሩህ ሆኖ ሳለ በዚያ በኩል አየሩ መውረድ ይጀምራል። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ 12 ሰዓት አለፍ ብሎ፣ ሁሉም ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። ቅጠል አይነቃነቅም። ከዚያ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ጀምሮ የሸለቆው ነፋስ ዞሮ ወደ አባይ ይወርዳል። እስከ ንጋት ይህ ነው።

ሰዓቱ እንደ ሸለቆው ስፋትና አቅጣጫ ይለያያል። ጠባብ ሸለቆ ቶሎ ይለወጣል፤ ትልቁ ይዘገያል። የአባይ ገደል ራሱ እንደ ሙጋ ፈጣን አይደለም።

አሁን ወደ ባቄላው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጽፍልሽ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የሰው እህል ያለው እዚህ ነው።

«ከፍ ባልን ቁጥር ይበርዳል» የሚለው ትምህርት ውሸት አይደለም። በአማካይ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ደረቅ በሆነ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ 1 ዲግሪ ይጠጋል። ከደጀን አፋፍ እስከ አባይ ድልድይ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ በበጋ ቀትር ላይ የወረደ ሰው የ13 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨመርበታል። አገራችንን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለን የከፈልነውም በዚሁ ሕግ ነው። ግን ይህ የቀን ሕግ ነው። በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ሸለቆ ውስጥ ሕጉ ይገለበጣል። ከተዳፋቱ ሁሉ የወረደው ብርድ ረባዳው ውስጥ ይጠራቀማል። እንደ ኩሬ ይሞላል። ከኩሬው በላይ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ሞቅ ያለ ቀበቶ ይቀራል። ከቀበቶው በላይ እንደገና ይበርዳል። በታችኛው ረባዳና በወገቡ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ሌሊት 5 ዲግሪም፣ አንዳንዴ 10 ዲግሪም ሊሆን ይችላል። ያንን ያህል ለመቀዝቀዝ ቀን ላይ ከ500 እስከ 1,000 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ መውጣት ይጠይቃል። ሌሊት ግን ከወገቡ ወደ ረባዳው መውረድ ይበቃል።

ልጅ ሳለሁ ጎህ ሳይቀድ ለገበያ ከቤት እንወጣ ነበር። አያቴ ወንዙ ጋ ስንደርስ «እዚህ አትቁም፣ ብርዱ የሚያድረው ወንዝ ውስጥ ነው» ትለኝ ነበር። እውነትም ስንወርድ ብርዱ እግራችን ላይ ይጀምራል፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ደረት። ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ይለቀናል። ልክ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደ መውጣት። የዳገቱን ሙቀት ድካም ያመጣው ይመስለኝ ነበር። ዓመታት አልፈው ቴርሞሜትር ይዤ ስመለስ ነው ያያቴ ቃል የገባኝ።

ስለዚህ ውርጭን በከፍታ ብቻ አትፈልጊው። በካርታ ላይ ደጋ ወይም ወይና ደጋ የተባለ ቀበሌ ውስጥ፣ ሌሊት ሌሊት፣ ታች ረባዳው ላይ ትንሽ ውርጭ አገር ይፈጠራል። ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል። ባቄላው የተዘራው በዚያ አገር ውስጥ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቴርሞሜትርሽ 2 ዲግሪ ቢያሳይ ቅጠሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። መለኪያው የሚሰቀለው ሰው ቁመት አካባቢ ነው። መሬቱ አጠገብ ያለው ቅጠል ከዚያ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ ከ0 በታች ሊወርድ ይችላል። ጠዋት አመዳይ ያየሽበት ሜዳ ቴርሞሜትሩ ያላወቀው ሊሆን ይችላል።

ምን ይደረግ? መጀመሪያ የማየው ዛፉን ነው። በጎጃም ባሕር ዛፍ በየማሳው ዳር በረድፍ ይተከላል። ረድፉ ከማሳው በታች፣ ተዳፋቱን አቋርጦ፣ ጥቅጥቅ ብሎ ከቆመ ለብርዱ ክትር ይሆንበታል። ከላይ የሚወርደው ብርድ መውጫ አጥቶ ማሳው ላይ ይተኛል። ባለ ማሳው «ውርጭ ድሮ እዚህ አልነበረም» ይልሻል። እውነቱን ነው፤ ዛፉ ሲያድግ ነው የመጣው። መቁረጥ አያስፈልግም። ዝቅ ባለው ቦታ በረድፉ ላይ ክፍተት ማበጀት፣ የታችኛውን ቅርንጫፍ ማጽዳት ይበቃል። ብርዱ እንደ ውሃ ነው፣ ቀዳዳ ካገኘ ይሄዳል። ከማሳው በላይ የሚተከል አጥር ደግሞ ተቃራኒ ሥራ ይሠራል፤ የሚወርደውን ብርድ ወደ ጎን ይመልሳል። አንድ ዓይነት ዛፍ፣ ቦታው ሲለወጥ አንዱ ጋ ጠላት፣ ሌላው ጋ ወዳጅ ይሆናል። ችግኝ ሲታደል ይህን የሚናገር ሰው አለመኖሩ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። እርጥብ አፈር ቀን የበላውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይሰጣል። የደረቀና አዲስ የታረሰ አፈር ይህን አይችልም። ጭድ የተጎዘጎዘበትም እንዲሁ፤ ጭዱ የመሬቱን ሙቀት ከታች ይዞ ያስቀረዋል፣ ቅጠሉ ከላይ ይቀዘቅዛል። መስኖ ካለ፣ ጠራ ያለ ሌሊት ሲጠበቅ ቀን ላይ ማጠጣት ይረዳል።

ጭስ ግን ብዙ አትመኚበት። ሰዎች ገለባ አቃጥለው ሲያጨሱ አድረው እህላቸው ተመቶ ሲያድር አይቻለሁ፤ ልብ ይሰብራል። የጭስ ብናኝ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከመሬት የሚያመልጠውን ሙቀት አይዝም። ያ የደመና ሥራ ነው። ደመና ያለበት ሌሊት ለምድር እንደ ጋቢ ነው፤ ለዚህ ነው ዳምኖ ባደረ ሌሊት እንዲህ ያለው ውርጭ የማይመጣው። ከእሳት የሚጠቅም ነገር ካለ ሙቀቱ ነው፤ ያውም አንድ ትልቅ እሳት ሳይሆን በማሳው ውስጥ የተበተኑ ብዙ ትንንሽ እሳቶች። ትልቁ እሳት የሞቀውን አየር ይዞ ወደ ላይ ያመልጣል፣ በምትኩ ከዳር ብርድ ይስባል።

ከሁሉም የሚሻለው ግን የዘር ቦታን መለወጥ ነው። ባቄላና ድንች ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ሞቃቱ ቀበቶ ውስጥ ይሁኑ። ረባዳው ለሣር፣ ለግጦሽ፣ ወይም ብርድ ለሚችል ገብስ ይቅር። ረባዳው አፈሩ ጥልቅና ለም ስለሆነ ገበሬው እሺ ላይልሽ ይችላል፤ አልፈርድበትም። ቢያንስ አበባ የሚያወጣበት ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ካለው የውርጭ ወቅት ጋር እንዳይገናኝ የሚዘራበትን ቀን አብራችሁ አስቡ።

ስለ ኬሚካል ርጭትም አንድ ቃል ልበል፤ በየቀኑ የሚጠይቁሽ እሱ ስለሚሆን። «ጠዋት ነፋስ የለም፣ ጥሩ ነው» ይባላል። አይደለም። የጭሱ ጣሪያ ገና ሳይሰበር የተረጨ ደቃቅ ጠብታ አይበተንም። ተንሳፍፎ ይቆይና ከሚወርደው አየር ጋር ወደ ወንዙ፣ ወደ ታችኛው ሰፈር ይሄዳል። 8 ሰዓት ላይም አይሆንም፣ ነፋሱ ወደ ጎረቤት ያደርሰዋል። የሚሻለው ጭሱ መበተን ከጀመረ በኋላ፣ የቆላው ነፋስ ሳይበረታ ያለው ጊዜ ነው። ያ ሰዓት ግን ንብ የሚወጣበትም ነው። ያበበ ነገር ላይ አይረጭ፣ አካባቢው ቀፎ ካለም ለባለቤቱ ከዋዜማው ይነገረው።

በክረምት ይህን ሁሉ ፈልገሽ ብታጪው አትገረሚ። ደመናው ፀሐይን ይከለክላል፣ ሌሊትም መሬቱ ሙቀቱን እንዳይለቅ ይሸፍነዋል፣ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስም ከላይ ይጫናል። ያም ሆኖ ጨርሶ አይጠፋም። ጠዋት ጠራ ብሎ የዋለ ሰማይ ከቀትር በኋላ ጮቄ አናት ላይ ደመና ሲቆልል የምታዪው፣ ዳገቱን የወጣው አየር እርጥበቱን ይዞ ስለሄደ ነው። ባሕር ዳር የሚኖሩ ዘመዶች ካሉሽ ደግሞ እዚያ ዝናቡ ሌሊት እንደሚበረታ ይነግሩሻል። ሌሊት ከየብሱ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ከአራቱም ወገን ጣና ላይ ይገናኛል፤ ሐይቁ ሙቀቱን ስለያዘ አየሩን ከዚያ ወደ ላይ ይገፋዋል። ያው ነገር ነው፣ በሸለቆ ፋንታ ሐይቅ ሆኖ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ታኅሣሥ ላይ ሦስት እንጨት ትከዪ። አንዱን ወንዙ ዳር፣ አንዱን ዳገቱ ወገብ ላይ፣ አንዱን አፋፉ ላይ። በየጫፋቸው ቀጭን የሱፍ ክር እሰሪ። ሦስት ርካሽ ቴርሞሜትር ካገኘሽ ፀሐይ በማይነካበት በኩል ስቀዪ፣ ሦስቱንም እኩል ከፍታ ላይ። ለሁለት ሳምንት ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ክሩ ወዴት እንደሚያመለክት፣ ሙቀቱ ስንት እንደሆነ፣ ሰማዩ ዳምኖ ይሁን ጠርቶ ጻፊ። ከመትከልሽ በፊት ግን ለእያንዳንዱ እንጨት ቦታውን ሽማግሌዎቹ ይምረጡልሽ። ብርዱ የት እንደሚያድር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስትጨርሺ ወረቀቱን ላኪልኝ፤ በሙጋ ሸለቆ ሞቃቱ ቀበቶ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አብረን እናሰምረዋለን።